ምሰሶው ሥር የቆመችው ሴት

(ይህ ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረን የሴቶች ምሽት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ "በጽሑፍ ላኪልን" ስላላችሁኝ ቅጂውን እየሰማሁ እንዳለ ገለበጥኩት።)

እንደምን አመሻችሁ?

ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማችኋል? እሺ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ እዚህም እዚያም ብቅ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከሥራ ቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ። ዩኒፎርማችሁን ሳየው የራሴን ዓመታት አስታወሰኝ። ሌሊት ፈረቃ የምትገቡም አትጠፉም። አላስመሻችሁም፣ ቃሌ ነው።

ዛሬ ስለ አንዲት ሴት ነው የማወራችሁ። ስሟ ሊና ሆርን ይባላል። ዘፋኝ ናት፣ የፊልም ተዋናይት ናት። ስንቶቻችሁ ታውቋታላችሁ? እስቲ እጅ አውጡ። ሦስት... አራት። ጥሩ።

እኔም አላውቃትም ነበር። ያስተዋወቁኝ አንዲት አዛውንት ናቸው። ያን ጊዜ እዚህ አገር ከመጣሁ ጥቂት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባቸው ነበር። ዋሽንግተን ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። እኔ "እማማ" ነበር የምላቸው። ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው በጣም ወደዱት። ከዚያ በኋላ በስማቸው ከጠራኋቸው ይኮሳተሩብኝ ነበር።

እማማ ሳሎን ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ ነበር። ጥቁርና ነጭ። ረጅም ቀሚስ የለበሰች ቆንጆ ወጣት ሴት ምሰሶ ተደግፋ ቆማለች። አቧራውን እየጠረግኩ "ልጅዎ ናት?" አልኳቸው። እማማ ሳቁ። "እንዲያው ብትሆንልኝ!" አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ሳቃቸውን ትተው፣ "ምሰሶውን አየሽው? ፊልም ላይ ሁልጊዜ እዚያ ነበር የሚያቆሟት" አሉኝ።

ያን ቀን አልገባኝም። የገባኝ ቆይቶ ነው። ዛሬ ያን ምሰሶ ነው ላስረዳችሁ የምፈልገው።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ከየት እንደመጣች። ሁለተኛ፣ ሆሊውድ ምን እንዳደረጋት። ሦስተኛ፣ ድምፅዋን እንዴት እንዳስመለሰች። መሃል ላይ ከመንገድ ወጣ ብዬ የራሴን ባወራ ታገሡኝ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እሺ፣ አንደኛው።

ሊና የተወለደችው ጁን 30 ቀን 1917 ብሩክሊን ውስጥ ነው። የተማረ፣ ራሱን ያከበረ ቤተሰብ ነበር። የቤቱ ምሰሶ የአባቷ እናት ናት፤ ኮራ ካልሁን ሆርን። ለጥቁሮች መብትና ለሴቶች ስትከራከር የኖረች ሴት። ሊና ገና ሁለት ዓመቷ ሳለ አያቷ ኤንኤኤሲፒ ውስጥ አባል አድርጋ አስመዘገበቻት። ይሄ እስከ ዛሬ ድረስ ያለው፣ ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ማኅበር ነው። በ1919 በማኅበሩ መጽሔት ላይ የሕፃኗ ፎቶ ወጣ። እስቲ አስቡት! ገና በቅጡ አፏን ያልፈታች ልጅ አባል ሆናለች።

ግን ቤቱ አልጸናም። ሦስት ዓመቷ ላይ አባቷ ጥሎ ሄደ። እናቷ ተዋናይ መሆን ትፈልግ ስለነበር ከቲያትር ቡድን ጋር ትዞራለች። አንዳንዴ ሊናን ይዛት ትሄዳለች፣ አንዳንዴ ሰው ቤት ትተዋታለች። ጥቂት ጊዜ ጆርጂያ አጎቷ ጋ ኖረች። አንድ ቤት ለመደች ስትባል ወደ ሌላው ይወስዷታል።

እዚህ ክፍል ውስጥ ልጁን ለአያት ትቶ የመጣ ሰው የለም? አያት እጅ ያደገስ? እኔ አያቴ እጅ ነው ያደግኩት። ልጅ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ምን እንደሚማር አውቃለሁ። ፈገግ ማለት ይማራል። ደህና ነኝ ማለት ይማራል። ውስጡን ቆልፎ ፊቱን ማሳመር ይማራል። ሊና ስክሪን ላይ ያላትን ያን ቀዝቃዛ ውበት ባየሁ ቁጥር ይህን ነው የማስበው።

በ1933፣ በ16 ዓመቷ፣ ኮተን ክለብ ገባች። ኒውዮርክ፣ ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር የነበረ ዝነኛ የምሽት ክበብ ነው። ጊዜው የችግር ጊዜ ነው፣ ቤት ውስጥ ገንዘብ የለም፣ አያቷም በሕይወት የለችም። እናቷ ወስዳ አስቀጠረቻት። ተወዛዋዥ ሆነች። እዚያ ቤት የሚዘፍኑት፣ የሚጨፍሩት፣ ምግብ የሚያቀርቡት ጥቁሮች ናቸው። ተቀምጦ የሚያየው ግን ነጭ ብቻ ነው። ጥቁር ሰፈር መሃል ሆኖ ጥቁር ደንበኛ አያስገባም። ይህን ስሰማ ሁለት ጊዜ ነው እማማን ያስደገምኳቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ።

እኔ ደሴ ነው ያደግኩት። ትምህርት ቤት እዘፍን ነበር። ድምፄ ጥሩ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የወላጆች በዓል ላይ ብቻዬን እንድዘፍን ተመረጥኩ። ደስታዬን ይዤ ቤት ስሮጥ አባቴ ከበር ላይ ሰሙኝ። አልተቆጡም። እያዩኝ "አዝማሪ ልትሆኚ ነው?" አሉ። ያቺን ብቻ። ያቺ ቃል በእኛ አገር በዚያን ጊዜ ምን እንደምትመዝን ታውቃላችሁ። አያቴ ደግሞ "ዝም አይነቅዝም" ይሉ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ከሰው ጋር ካልሆነ በቀር ጮክ ብዬ አልዘፍንም። ዝም ይነቅዛል፣ እናቶቼ። እኔ አይቼዋለሁ።

ይህን ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ? የሊናም ዘመዶች ከመድረክ ጋር ጸብ ነበራቸው። ጨዋ ቤተሰብ ልጁን ምሽት ቤት አይልክም ነበር። እሷ ግን እንጀራዋ እዚያ ሆነ።

ቀጥሎ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። በ1935 ከኖብል ሲስል የሙዚቃ ቡድን ጋር መዝፈን ጀመረች። በ1937 አገባች፣ ሴት ልጅ ወለደች፣ ከዚያ ወንድ ልጅ። ትዳሩ ብዙ አልሄደም። በ1940 ከቻርሊ ባርኔት ጋር ዞረች። ነጮች ብቻ ያሉበት ባንድ ነበር። አብረዋት የሚጫወቱት ሆቴል ሲገቡ እሷን የማያስገባ ሆቴል ሞልቶ ነበር።

በ1941 ኒውዮርክ ውስጥ ካፌ ሶሳይቲ የሚባል ቤት መዝፈን ጀመረች። እዚያ ጥቁርና ነጭ አብሮ ይቀመጣል። ለዚያ ዘመን ብርቅ ነው። ታላቁን ዘፋኝ ፖል ሮብሰንን ያገኘችው እዚያ ነው። ሮብሰን አያቷን ያውቅ ነበር። ስለ ኮራ ተረከላት፤ አንቺ የማን ልጅ እንደሆንሽ ታውቂያለሽ ወይ የማለት ያህል ነው። ሊና ይህን ሮብሰንን ማግኘቷን ዕድሜ ልኳን አልረሳችውም። ስለ ፖለቲካ ዓይኗን የገለጠላት እሱ ነው።

እሺ። ሁለተኛው ነገር። ሆሊውድ።

በ1942 ሎስ አንጀለስ ሄዳ ስትዘፍን ኤምጂኤም አያት። ኤምጂኤም ያን ጊዜ የሙዚቃ ፊልም ንጉሥ ነው። ረጅም ኮንትራት አቀረበላት። ለጥቁር ሴት እንዲህ ያለ ኮንትራት ያልተለመደ ነገር ነበር።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። ያን ጊዜ ጥቁር ሴት ፊልም ላይ ምን ሆና ትታያለች? ገረድ። ሞግዚት። ልብስ አጣቢ። ሌላ የላትም። ለሊና የመጣው ዕድል ግን የተለየ ነበር። ኤንኤኤሲፒ ይከታተላታል። ጥሏት የሄደው አባቷም ከፒትስበርግ ተነሥቶ መጣ። ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ቀብራራ ሰው ነው። የኤምጂኤሙ አለቃ ሉዊስ ቢ. ሜየር ቢሮ ገብቶ ተቀመጠ። ለልጄ ገረድ ልቀጥርላት እችላለሁ፣ እሷ ራሷ ገረድ ሆና እንድትታይ ግን አልፈልግም አለ።

እማማ ይህን ሲተርኩልኝ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው፣ ባርኔጣ እንዳደረገ ሰው አገጫቸውን ከፍ አድርገው፣ በአባትየው ድምፅ ነበር የሚናገሩት። አሥር ጊዜ ሳይነግሩኝ አይቀሩም።

ስቱዲዮው ተስማማ። ገረድ አላደረጓትም። ታዲያ ምን አደረጓት?

ምንም።

ምሰሶው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ረጅም ቀሚስ አለበሷት፣ አስዋቧት፣ አንድ ምሰሶ አጠገብ አቆሟት። አንድ ዘፈን ትዘፍናለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ከፊልሙ ታሪክ ጋር አትገናኝም። ከሌሎቹ ተዋንያን ጋር አታወራም። አትስቅም፣ አትጣላም፣ አታፈቅርም። ለምን? በአገሪቱ ደቡብ ያሉ ሲኒማ ቤቶች ጥቁር ሴትን በክብር ማሳየት አይፈልጉም። ስለዚህ ቀደም ተብሎ ታሰበበት። የእሷ ክፍል ተቆርጦ ቢወጣ ታሪኩ እንዳይጎድል ተደርጎ ተሠራ። ፊልሙ ሲደርስ መቀስ ያነሣሉ፣ እሷን ይቆርጣሉ፣ የቀረውን ይቀጥላሉ። ተመልካቹ የጎደለ ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም።

እስቲ ደግማችሁ ስሙኝ። ብትቆረጥ እንዳትጎድል ተደርጋ ተሠራች።

"ታውዘንድስ ቺር" ላይ እንዲህ ነው። "ብሮድዌይ ሪዝም" ላይ እንዲህ ነው። ሊና ራሷ ቆይታ ስትናገረው፣ ምሰሶ ላይ በመርፌ እንደተሰካች ቢራቢሮ አደረጉኝ ነው ያለችው።

ሙሉ ሰው ሆና የታየችው በሁለት ፊልም ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም በ1943 የወጡ፣ ተዋንያናቸው ሁሉ ጥቁር የሆኑ ፊልሞች ናቸው። አንዱ ቪንሴንት ሚኔሊ ያዘጋጀው "ካቢን ኢን ዘ ስካይ" ነው። እሱም ቢሆን ገንዳ ውስጥ በሳሙና አረፋ ተሸፍና የምትዘፍንበት ክፍል ሕዝብ ሳያየው ተቆርጦ ወጣ። ሌላው "ስቶርሚ ዌዘር" ነው። እሱን ኤምጂኤም አልሠራውም፣ ለሌላ ስቱዲዮ አውሷት ነው። ያን ርዕስ ያዙልኝ። ነፋስና ዝናብ የቀላቀለ ቀን እንደማለት ነው። እዚያ ፊልም ላይ ሊና መስኮት አጠገብ ቆማ፣ ውጭ እየዘነበ፣ ስላጣችው ሰው ትዘፍናለች። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁንም ከመንገድ ልውጣ፣ ይቅርታ። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

እዚሁ አገር አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ስሙን አልጠራም። በዓመቱ መጨረሻ ዝግጅት ነበራቸው። የሐበሻ ቀሚስሽን ለብሰሽ ነይ፣ ቡና አፍይልን አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ጀበናዬን፣ ረከቦቴን፣ ዕጣኔን፣ ቄጠማ እንኳ ፈልጌ ይዤ ሄድኩ። ፎቶ አነሱኝ። ያ ፎቶ አድጎ ዋናው በር ላይ ተሰቀለ። ሁለት ወር ሳይሞላ የፈረቃ ለውጥ መጣ። ሠራተኛው ተሰብስቦ ሐሳቡን ይስጥ ተባለ። እኔ ለውጡ ከሚነካቸው አንዷ ነኝ፤ ሌሊት ልጆቼን የሚይዝልኝ ሰው የለም። እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢዋ በእኔ ላይ አሻግራ ከኋላዬ ያለችውን ጠራች። እንደገና አወጣሁ። እንደገና አሻግራ አየች። ስብሰባው አለቀ። ስወጣ በር ላይ ያለው ፎቶዬ እየሳቀ ያየኛል።

ያን ዕለት ማታ ነው የእማማ ምሰሶ የገባኝ።

ወደ ሊና ልመለስ።

ከሁሉ አንጀቴን የሚበላኝ የሜካፑ ነገር ነው። ቆዳዋ ቀላ ያለ ስለነበር ካሜራ ላይ ጥቁር አትመስልም ተባለ። ማክስ ፋክተር ለእሷ ተብሎ ጠቆር የሚያደርግ ሜካፕ ሠራ፤ ስሙ "ላይት ኢጂፕሽያን" ነው። ከዚያስ? በ1946 አንድ ፊልም ላይ "ሾ ቦት" ከሚባለው ተውኔት የጁሊን ቦታ ይዛ ዘፈነች። ጁሊ ከጥቁርና ከነጭ የተወለደች፣ ነጭ ያገባች ሴት ናት። "ይህቺ የሊና ቦታ ናት" የማይል ሰው አልነበረም። በ1951 ኤምጂኤም ሙሉውን ፊልም ሲሠራ ግን ቦታው ለኤቫ ጋርድነር ተሰጠ። ኤቫ ነጭ ናት፣ የሊናም ወዳጅ ናት። ኤቫ ዘፈኖቹን የተለማመደችው የሊናን ሸክላ እየሰማች ነው። ሊና እንደተረከችው ደግሞ ለኤቫ የተቀባላት ያው ለእሷ የተሠራው ሜካፕ ነው።

ሜካፑን ወሰዱ፣ ድምፁን ወሰዱ፣ ሴትዮዋን ተዉ።

ቆይ፣ አንድ ደግ ሰው ሳልጠራ አልለፍ። ሊና ሆሊውድ ስትገባ ሁሉም ጥቁር ተዋናይ በደስታ አልተቀበላትም። የገረድ ቦታ አልጫወትም ማለቷ እንጀራችንን ትዘጋብናለች ብሎ ያስፈራቸው ነበሩ። እውነታቸውን ነው፣ ልጆች አሏቸው። ሃቲ ማክዳንኤል ግን፣ ያቺ የገረድ ቦታ ተጫውታ በጥቁሮች ታሪክ የመጀመሪያውን ኦስካር ያገኘችው፣ ሊናን ቤቷ ጠራቻት። አበረታታቻት። እንዴት እንደምትኖር ነገረቻት። በሰው አፍ ሁለቱ ጠላት መሆን ነበረባቸው። እነሱ ግን ቁጭ ብለው ተጨዋወቱ።

ጦርነቱ ላይ ደግሞ እንዲህ ሆነ። ሊና የጥቁር ወታደሮች ተወዳጅ ነበረች፤ ፎቶዋን አልጋቸው አጠገብ ይሰቅላሉ። ስቱዲዮው ወደ ካምፖች ይልካታል። አንድ ቀን የሆነ ካምፕ ውስጥ መድረክ ላይ ስትወጣ ፊት ለፊት የተቀመጡት ነጮች ናቸው። እነማን ናቸው ብላ ጠየቀች። የጀርመን ምርኮኞች ናቸው አሏት። ጥቁሮቹ የአሜሪካ ወታደሮች፣ የአገሪቱን ዩኒፎርም የለበሱት፣ ከምርኮኞቹ ኋላ ነው የተቀመጡት። ምን አደረገች? ከመድረክ ወረደች። በምርኮኞቹ መሃል አልፋ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታቸው፣ ፊቷን ወደ ጥቁሮቹ ወታደሮች አዙራ ዘፈነች። ከዚያ በኋላ ጥቁር ወታደሮች ዘንድ የምትሄደው በራሷ ገንዘብ ሆነ።

ይኸው፣ ከምሰሶው ስትላቀቅ አያችኋት? እኔ ይህን ስሰማ እጄ ላይ የነበረውን የሾርባ ሳህን አስቀምጬ ነው ያጨበጨብኩት። ለሊና ነበር ያጨበጨብኩት፣ እማማ ግን ራሳቸውን ጎንበስ አድርገው አመሰገኑኝ።

ሦስተኛው ነገር። ድምፅዋ እንዴት ተመለሰ?

ባንድ ጊዜ አይደለም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ፈጅቷል።

በ1947 ፓሪስ ሄዳ ሌኒ ሄይተንን አገባች። ነጭ ነው፣ ኤምጂኤም ውስጥ ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው። ጥቁርና ነጭ መጋባት ካሊፎርኒያ ውስጥ ያን ጊዜ በሕግ የተከለከለ ነበር። ሦስት ዓመት ያህል ደብቀው ያዙት። ቆይታ በግልጽ ተናግራዋለች፤ መጀመሪያ ያገባሁት ለሥራዬ በር ይከፍትልኛል ብዬ ነው፣ መውደዱ ኋላ መጣ ብላለች። እንዲህ ያለ ነገር አፏን ሞልታ የምትናገር ሴት ስንት አለች?

በ1950 ደግሞ የኮሚኒስት ወዳጆች ናቸው በሚባሉ ሰዎች መዝገብ ላይ ስሟ ወጣ። ከሮብሰን ጋር ያላት ወዳጅነት ተቆጠረባት። የፊልምና የቴሌቪዥን በር ተዘጋ። በምሽት ክበብ እየዘፈነች እንጀራዋን አገኘች። በ1957 በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ስትዘፍን የተቀዳው ሸክላ እንደ ጉድ ተሸጠ። በዚያው ዓመት ብሮድዌይ፣ ኒውዮርክ ባለው የቲያትር ሰፈር፣ "ጃማይካ" በተባለው የሙዚቃ ቲያትር ዋና ተዋናይት ሆነች። ዋና! መሃል ላይ! የምትናገር፣ የምትስቅ።

በ1960 ቤቨርሊ ሂልስ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጣ ሳለ አጠገቧ ያለ ሰው እሷን የሚነካ የዘር ስድብ ሲሳደብ ሰማች። ያቺ ጨዋ፣ ያቺ የተረጋጋች ሴት ተነሣች። የሲጋራ መተርኮሻ ወረወረችበት። መብራትም ወረወረችበት። ጋዜጣ ላይ ወጣ። እኔ ሰው መፈንከት ደግ ነው እያልኳችሁ አይደለም። ግን ከዚያ በኋላ ከአገሪቱ ዙሪያ ካሉ ጥቁሮች ደብዳቤ ጎረፈላት። እሷን ያስደነቃት ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ ሕዝቤ በሩቅ ነው የሚያየኝ ብላ ታስብ ነበር።

1963 ላይ ወደ መብት ትግሉ ገባች፣ ዞር ብላም አላየችም። በሜይ ከጸሐፊው ከጄምስ ባልድዊን ጋር የፕሬዚዳንቱ ወንድም፣ የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ዘንድ ቁጭ ብለው ጥቁሮች ምን እየደረሰባቸው እንደሆነ ፊት ለፊት ነገሩት። በጁን መጀመሪያ ሚሲሲፒ፣ ጃክሰን ከተማ፣ ከመብት ታጋዩ ከሜድጋር ኤቨርስ ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆመች። ከአምስት ቀን በኋላ ኤቨርስን ደጃፉ ላይ ገደሉት። ኦገስት 28 ደግሞ እዚህ ዋሽንግተን፣ በዚያ ትልቁ ሰልፍ ላይ፣ ማይክ ተሰጣት። አንድ ቃል ብቻ ጮኸች። "ፍሪደም!" ነጻነት። ሌላ ምንም አላለችም። እማማ እዚያ ነበሩ። እግራቸውን የሰልፉ ቀን የለበሱት አዲስ ጫማ ልጦት ነበር። ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ እንደቆሙ ያቺን ቃል ሰሙ።

በነገራችን ላይ፣ ዩ ስትሪት ምሳ የምትበሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ሁላችንም። እንጀራ ፍለጋ የምንሄድበት ያ ሰፈር ድሮ "ብላክ ብሮድዌይ" ነበር የሚባለው። ከሐበሻ ምግብ ቤቶቻችን ጥቂት እርምጃ ላይ ያለው ሀዋርድ ቲያትር ሊና የዘፈነችበት ቤት ነው። በሚቀጥለው ክትፎ ስትበሉ ዞር ብላችሁ እዩት።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። በ1970 አባቷ ሞተ። በዚያው ዓመት ወንድ ልጇ በኩላሊት ሕመም ሞተ። በ1971 ባሏ ሞተ። ሦስቱም በአንድ ዓመት ገደማ። ብዙ ጊዜ ከሰው ራቀች። እንዲህ ስላለ ሐዘን ብዙ አልናገርም፤ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ።

በ1980 በቃኝ፣ ጡረታ ልወጣ ነው ብላ የስንብት ጉዞ አደረገች። ያ ስንብት ግን በሌላ በር አስገባት። ሜይ 12 ቀን 1981 ኒውዮርክ፣ ኔደርላንደር ቲያትር፣ የራሷን ሥራ ይዛ ቀረበች። "ሊና ሆርን፦ ዘ ሌዲ ኤንድ ኸር ሚውዚክ"። ያን ቀን 63 ዓመቷ ነበር። ማታ ማታ ቆማ ዘፈነች፣ ሕይወቷን ተረከች፣ ስለዚያ ስለ ሆሊውድ ሁሉንም ተናገረች። ትንሽ ቀን ይቆያል የተባለው 333 ጊዜ ታየ። የመጨረሻው ምሽት ጁን 30 ቀን 1982፣ 65 ዓመት የሞላት ቀን ነው። ልዩ የቶኒ ሽልማት፣ የብሮድዌይን ትልቁን የቲያትር ሽልማት፣ አገኘች። በ2022 ደግሞ ብሮድዌይ ላይ አንድ ቲያትር በስሟ ተሰየመ። ብሮድዌይ ላይ ቲያትር በስሟ የተሰየመላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ይህን ግን አላየችም።

አሁን "ስቶርሚ ዌዘር"ን አስታውሱልኝ። ያዙልኝ ብያችሁ ነበር።

ሜይ 9 ቀን 2010 እሑድ ነበር፣ የእናቶች ቀን። ሊና ያን ማታ ኒውዮርክ ውስጥ በ92 ዓመቷ አረፈች። ሰኞ ጠዋት እኔ ምንም አላውቅም። እንደ ሁልጊዜዬ እማማን ላለብስ ገባሁ። እማማ ግን ለብሰው ሳሎን ተቀምጠዋል። ጣቶቻቸው በሪህ ስለተያዙ ቁልፍ መቆለፍ ካቆሙ ዓመት አልፏቸዋል። ያን ቀን ብቻቸውን ቆልፈዋል። ሰማያዊ ሹራብ ነው። ከላይ አንዱን ዘለውት ሹራቡ በሙሉ ተዛንፏል። ጭናቸው ላይ የ1981ዱ ሸክላ አለ።

"አስጀምሪልኝ" አሉኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ጋር አውቶቡስ ተሳፍረው ኒውዮርክ ድረስ ሄደው አይተዋት ነበር። ያን ምሽት ያቺን ዘፈን ሁለት ጊዜ ነው የዘፈነችው አሉኝ። አንደኛውን እንደ ፊልሙ፣ ሰው እንደለመዳት። ሁለተኛውን ወደ መጨረሻ ላይ፣ ለዚህች ዘፈን ማደግ ነበረብኝ ብላ። ሸክላው ላይ ሁለቱም አሉ።

አንደኛውን አስጀመርኩላቸው። ያምራል። ልስልስ ያለ፣ የተስተካከለ ነው። እማማ ፎቶውን፣ ምሰሶውን እያዩ ሰሙት።

ሁለተኛውን አስጀመርኩላቸው። ያቺው ሴት ናት? ድምፅዋ ይሰበራል፣ ይጮኻል፣ ወለሉን ይመታል፣ እንደገና ይነሣል። ሕዝቡ ሲያብድ ይሰማል። በዚያ መሃል እኔ፣ የእንክብካቤ ልማድ ነው መሰለኝ፣ የተዛነፈውን ቁልፋቸውን ላስተካክል ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

እማማ እጄን ያዙት።

"ተይው" አሉኝ። "መጀመሪያ እሷ ትጨርስ።"

ሸክላው ይኸው። ሲያርፉ ልጃቸው ሰጠችኝ። ማጫወቻውንም ይዤ መጥቻለሁ። እስቲ አንዳችሁ ያን መብራት ቀንሱልኝ። ሁለቱንም እንሰማለን፣ አንደኛውንም ሁለተኛውንም። ፈረቃ ያላችሁም ለእሱ ቆዩልኝ።